በሰደፉ ውስጥ የቀረው መልስ

ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የተልባ ዘይቱንና ነጩን የጥጥ ጓንት ይዤ እንደ ልማዴ ሳሎን ስገባ ከግድግዳው ላይ አንድ ጠመንጃ ጎድሏል። ከአሥራ አንዱ መካከል ሌላ ማናቸውም ቢጎድል ኖሮ ጉዳዬም ባልሆነ ነበር። የጎደለው ግን የእንግሊዙ ነው። በእንግሊዙ ጠመንጃ ሰደፍ ውስጥ ደግሞ ያን ዕለት ማለዳ በገዛ እጄ የከተትኩት ደብዳቤ ነበር። ኒዛር «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሴ ነበር።

እጄን ባዶዎቹ የእንጨት ማንጠልጠያዎች ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ሀጂ ሙጠሊብ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው እንደ እሳቸው አሮጌ ጠመንጃ ለሚሰበስበው ለሙሐመድአሚን እንደ ሰጡትና ስናድር በሚባለው ጠመንጃው እንደ ለወጡት ነገሩኝ። ስድስት ዓመት የለመኑት ስናድር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ረጅም፣ ዝገታም ሆኖ ተጋድሟል። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። እኔም «መብሩክ ሀጂ» አልኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኔ ሰብሪና ከወሎ፣ ከከሚሴ አካባቢ መጥቼ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር በሀጂ ሙጠሊብ ቤት ተቀጥሬ የምኖር ሠራተኛ ነበርኩ። ሀጂ ከድሬዳዋ የወረዱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከታች ሱቃቸው፣ ከላይ ቤታቸው። እንጀራቸው ጨርቅ ይሁን እንጂ ነፍሳቸው አሮጌ ጠመንጃ ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ የእንግሊዝ፣ የጣሊያን፣ የቱርክ፤ ሁሉም የመምቻ መርፌያቸው ተነቅሎ፣ የፖሊስ ፈቃዳቸው በመስታወት ተከድኖ ከጎናቸው ተሰቅሏል። ዝንብ እንኳ አይገድሉም። ባለቤታቸው እትዬ ሀኪማ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ሌላዋ ሴት አንድ ጣውንት ይመጣባታል፤ እኔ አሥራ አንድ አሉብኝ» እያሉ ያስቁ ነበር።

ከእኔ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ግድግዳው አጠገብ እንዳይደርሱ ተከልክለው ነበር። እኔ ምላሴ አያርፍምና በገባሁ በሳምንቴ፣ ወለል ስወለውል ቀና ብዬ «ሀጂ፣ ውጅግራው አልቦታል፤ ዛሬ ካልተቀባ ይዝጋል» አልኳቸው። የያዙት የሻይ ብርጭቆ ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። አንዲት የቤት ሠራተኛ ውጅግራን በስሙ ስትጠራ ሰምተው አያውቁም። አባቴ ምንሽር እንደነበራቸው፣ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው የምቀባው እኔ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። የባሕሩ አየር ጨው መሆኑን፣ ጨው ደግሞ ብረት መብላቱን ለማወቅ ጅቡቲ አንድ ሳምንት መኖር ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት የእኔና የሀጂ ሆነ። እሳቸው ብረቱን፣ እኔ እንጨቱን። በባዶ እጅ መንካት ግን ክልክል ነው፤ የእጅ ላብም ያው ባሕር ነው ይሉኛል።

ኒዛር የቤቱ አንድያ ልጅ ነው። ወደብ ላይ የዕቃ ማስወጫ ወረቀት ይሠራል፤ ምሳ ሰዓት ይመጣል፣ ይበላል፣ ጋደም ይላል፣ ይሄዳል። መልኩን አላወራም፤ ከጀመርኩ አላቆምም።

በእትዬ ሀኪማ ዓይን ሥር ሁለት ሰዎች ከ«ውሃ አምጪ» ያለፈ ወሬ ሊያወሩ አይችሉም። የእንግሊዙ ጠመንጃ ግን ከሰደፉ ጫፍ ትንሽ የናስ ክዳን አለችው። በአውራ ጣት ስትገፏት ትከፈታለች፤ ውስጡ ለዘይት ብልቃጥና ለመወልወያ ገመድ ተብሎ የተቦረቦረ ነው። አንድ ሐሙስ ብልቃጡን ላወጣ ብከፍታት ወረቀት አገኘሁ። «ትናንት ማድ ቤት ስትስቂ ሰማሁ። ምን እንዳሳቀሽ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር» ይላል። መልሱን ሳስብ ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ የጻፍኩት ግን «ድመቷ የእናትህ ጫማ ውስጥ ወልዳ ነው» የሚል ብቻ ነው።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄድን። እሱ ወደብ ስለገቡት መርከቦች ስም ይጽፍልኛል። እኔ ስለ አገሬ እጽፋለሁ። አንዴ «ዝናብ መሬት ሲነካ ምን እንደሚሸት ጻፊልኝ» ብሎኝ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዝናብ ጻፍኩለት። ምሳ ሳቀርብ የእሱ ዓይን ሰሃኑ ላይ፣ የእኔ ዓይን ጭልፋው ላይ ነው። ጭልፋዬ ግን ከሰው ሁሉ ለእሱ ትንሽ ጨመር ታደርግ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር።

በፈረንጆች 2003 ሰኔ ላይ፣ ካምሲን የሚሉት ያ እሳት ነፋስ ሊነሣ ሲል፣ እትዬ ሀኪማ እንደ ዓመት ልማዳቸው ሙቀቱን ሽሽት ወደ ድሬዳዋ ሊወጡ ተነሡ። ያን ዓመት ኒዛርም አብሮ ሊወጣ ነው። እዚያ ናዒማ የምትባል የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ታይታለታለች፤ ሽማግሌ ተልኳል፤ የቀረው እሱ ሄዶ እሺ ማለቱ ነው። ባቡሩ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሰኞ ዕለት ከሰደፉ ውስጥ ይህን አወጣሁ፦

«ሰብሪና፣ ታገቢኛለሽ ወይ? እሺ ካልሽኝ ከቅዳሜ በፊት ለአባቴና ለእናቴ እነግራቸዋለሁ። እምቢ ለማለት ከከበደሽ ምንም አትጻፊ። ረቡዕ መግሪብ ላይ ከፍቼ ባዶ ካገኘሁት ይገባኛል፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ቃል እንኳ አላስቸግርሽም። የምትኖሪው በእኛ ቤት ነውና መልስሽ ከፍርሃት የመጣ እንዲሆን አልፈልግም።»

እንዲህ ያለውን ጨዋነቱን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ጨዋነቱ ሊገድለኝ ነበር። መልሴን ማክሰኞ ጽፌ ጨረስኩ። ረቡዕ ግን እዚሁ ያሉት የናዒማ አክስቶች ለስንብት መጡና ሳሎኑ ከጠዋት እስከ መግሪብ በሴቶች ተሞላ። በእንግሊዙ ጠመንጃ ሥር ተደርድረው ስለ ሠርጉ ያወራሉ፤ እኔ ደብዳቤውን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ሰሃን አመላልሳለሁ። እንግዶቹ ሲወጡ ኒዛር ገባ። እኔ ማድ ቤት፣ የሰሃን ክምር ታቅፌ፣ የናሷ ክዳን ስትከፈት ሰማሁ። ስትዘጋም ሰማሁ። ልቤ ከእሷ ጋር የተዘጋ መሰለኝ።

ሐሙስ ማለዳ ማንም ሳይነሣ ደብዳቤውን ከተትኩት። አንዴማ ሳይከፍተው አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ እትዬ ሀኪማ ለመንገዱ ስንቅ የሚሆን አትክልት እንድገዛ ላኩኝና አምቡሊ ገበያ ሄድኩ። እኔ አምቡሊ ቲማቲም ስመርጥ ሙሐመድአሚን ከካርቲየ ሰባት መጥቶ መልሴን ተሸክሞ ሄደ።

አሁን ሳሎኑ ውስጥ፣ ባዶው ማንጠልጠያ ፊት ቆሜያለሁ። «ሀጂ፣ ያስመልሱልኝ» ማለት ይቻል ነበር ትሉ ይሆናል። አይቻልም። አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ደንባቸው ግን ደንብ ነው። ሲለዋወጡ «እንደተሰቀለ» ይባባላሉ። ማንገቻውም፣ ብልቃጡም፣ ዝገቱም ከግድግዳ እንደ ወረደ ይሄዳል። ሰጪው ከፍቶ አያጎድልም፤ ተቀባዩም ሳምንት ሰቅሎ ሳያየው አይፈታውም። ልውውጡን ለማጽናት ፋቲሐ ከተቀራ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የማስመልሰው? ልጅዎን ላገባ ነው ብዬ?

ዘይቱን አነሣሁና መቀባት ጀመርኩ። ሀጂ ጫታቸውን ትተው ያዩኝ ነበር። ጥቂት ቆይተው ቀስ ብለው ምንሽሩን ሁለቴ ቀብቼ ውጅግራውን እንደ ዘለልኩት ነገሩኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቀባሁት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ እንጨቱ አይታየኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ቀናት ለጠላቴም አልመኝም። ኒዛር ቀና ብሎ አያየኝም። ሐሙስ ጠዋት ወደ ወደብ ከመሄዱ በፊት ከፍቶት ቢሆንስ እያልኩ አሰብኩ። አንብቦት፣ ተጸጽቶ፣ ጠመንጃው መሄዱ ገላግሎት ቢሆንስ? ዓርብ ምሳ ላይ ሹካው ወደቀበት፤ አነሣሁለት። «አመሰግናለሁ» አለኝ፣ መንገድ ላይ ዕቃ እንዳነሣችለት እንግዳ ሴት። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። አንብቦ ተጸጽቷል አልኩ። እሱ ደግሞ ለካ ባዶውን ሰደፍ አይቶ እምቢ አለችኝ ብሎ ኖሯል። እሱ በቃሉ ታስሯል፣ እኔ በኩራቴ። እሺ ብላ የጻፈች ሴት ሄዳ «አንብበኸዋል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች? እኔ አልጠየቅኩም። ዛሬ ልጄ እንዲህ ብታደርግ ጆሮዋን እጎትታታለሁ።

ይህ እንዳይበቃኝ እትዬ ሀኪማ ከምሳ በኋላ ጠርተውኝ ቦርሳዬን እንዳዘጋጅ ነገሩኝ። ለሠርጉ እጅ ስለሚያስፈልጋቸው እኔም ድሬዳዋ አብሬ ልወጣ ነው። የኒዛርን ሠርግ ወጥ ልሠራ ነው። «እሺ እትዬ» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁና ልብሴን አጣጠፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈልኝን ደብዳቤ ሁሉ ከቦርሳው ሥር አደረግኩት፤ ልቀደው እጄ እምቢ አለኝ።

ያን ዓርብ ሀጂ ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ወደ ቤት አልመጡም። ትንሽ ቆይተው ብቅ አሉና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው፣ ሳሎኑን ቆልፈው ወጡ። መግሪብ ሲቃረብ በዚያው ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሌላ ነገር ይዘው ተመለሱ፤ ሳሎኑንም መልሰው ቆለፉት። እትዬ ሀኪማ አሥራ ሁለተኛዋ ጣውንት መጣች ብለው አጉረመረሙ። እኔ ቀና ብዬም አላየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ታክሲው ከታች ጥሩምባውን ይነፋል። ሻንጣዎቹ ደረጃው ራስ ላይ ተደርድረዋል፤ የእኔ ትንሿ ቦርሳ ከመጨረሻ። ሀጂ ሳሎኑን ከፈቱና ሦስታችንንም ግቡ አሉን። እትዬ ሀኪማ ባቡሩ ሊያመልጥ ነው ቢሉም ሀጂ በሩን ከፍተው ያዙልን።

የእንግሊዙ ጠመንጃ በቦታው ተሰቅሏል። ግድግዳው መሐል ግን፣ ሰው ገና ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሁለት ባዶ ማንጠልጠያዎች ብቻ ቀርተዋል። ከሁላችን ቀድመው ያዩት እትዬ ሀኪማ ናቸው።

«ውጅግራውስ?»

«ሙሐመድአሚን ጋ ነው» አሉ ሀጂ።

እትዬ ሀኪማ ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉ። ያ ውጅግራ የሀጂ አባት በወጣትነታቸው ከታጁራ ወደብ በእግር ይዘውት የወጡት ነው። ለልጃቸው የሰጡት ደግሞ ከእትዬ ሀኪማ ጋር ኒካሕ ባሰሩበት ቀን ነው። የስብስቡ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ነበር። ሱቁ የተቃጠለ ዓመት እትዬ ሀኪማ ሽጠው ብለው አልቅሰው ሀጂ እምቢ እንዳሉ እትዬ ራሳቸው ነግረውኛል።

ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ነው የማውቀው። የእንግሊዙን ስወዘውዘው ብልቃጡ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ አንድ ቀን ዝም አለ። ወረቀት እንዳለበት ገባኝ። አንድም ቀን አላነበብኩም፤ የሰው አደራ ነው። ረቡዕ ኒዛር ከፍቶ ባዶ እጁን ሲወጣ አየሁት። አበቃ ብዬ ሐሙስ ጠዋት ለወጥኩት፤ መወዝወዙን ረሳሁ። ከሰዓት እጅሽን ማንጠልጠያው ላይ ሳይ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።»

ቀሪውን ባጭሩ ነገሩን። ሙሐመድአሚን ፋቲሐ ተቀርቷል ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ አዲስ ልውውጥ ከሆነ ግን ከውጅግራው በቀር ምንም አልፈልግም አለ። እሳቸውም ወደ ቤት ተመልሰው ውጅግራውን አወረዱት። ይህን ሲናገሩ ባዶውን ቦታ አላዩም።

«ክፈተው» አሉት ኒዛርን። «እንደተሰቀለ ሄዶ እንደተሰቀለ መጥቷል።»

ኒዛር ጠመንጃውን ያለ ጓንት አወረደው። ሀጂም ለመጀመሪያ ጊዜ አልከለከሉም። አውራ ጣቱ ክዳኗን ሁለቴ ሳታት። ወረቀቱን አውጥቶ አነበበና ከሦስት ቀን በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲያ ሆኖ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያ ወዲህም ከእሱ በቀር የለም።

«ለእናቴ ላንብበው?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እያነበበ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

«እሺ ኒዛር። ግን ከእናትህ ተደብቄ አይደለም። አራት ዓመት በጓሮ በር ገብቻለሁ፤ ሚስትህ የምሆነው እትዬ ሀኪማ በፊት ለፊት በር ግቢ ካሉኝ ብቻ ነው። ወባ የያዘኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሾርባ ያጠጡኝ በገዛ እጃቸው ነው። እሳቸው ካዘኑብኝ ደስታዬ ደስታ አይሆንልኝም።»

ታክሲው ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። እትዬ ሀኪማ ዓይናቸውን ባዶዎቹ ማንጠልጠያዎች ላይ እንደ ተከሉ ናቸው።

«ስለምንህ ያልሸጥከውን» አሉ ለሀጂ፣ በጣም ቀስ ብለው። «ለሠራተኛ ሰጠኸው?»

«ለልጄ ሰጠሁት» አሉ ሀጂ። «ለሁለቱም።»

እትዬ ሀኪማ ተነሥተው ወጡ። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ደረጃው ራስ ላይ ሲደርሱ ግን ጎንበስ ብለው ከሻንጣዎቹ መካከል የእኔን ትንሽ ቦርሳ አነሡና ይዘውት ተመልሰው እግሬ ሥር አኖሩት።

«አንቺ አትወጪም» አሉኝ። «የምወስድሽ ለሠርግ እጅ ብዬ ነበር። ሙሽራ እጅ አትሆንም።» ከዚያ ወደ ኒዛር ዞረው «አንተም ቅር። የናዒማን ቤት ያስቸገርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታውንም እኔ እጠይቃለሁ» አሉት።

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። «ስመለስ የፊት ለፊቱ በር ላይ ጠብቂኝ፤ አብረን እንገባለን» አሉኝ። ሊወጡ ሲሉ ዞረው ግድግዳውን ቆጠሩና፣ የእንግሊዙ ተመልሶ፣ ስናድሩ ጥግ ላይ ተሰቅሎ፣ ጣውንቶቻቸው ዛሬም አሥራ አንድ መሆናቸውን ለሀጂ ነገሯቸው። ሀጂ እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ እስከ ታክሲውም ሻንጣ ተሸክመው ሸኟቸው።

እኔና ኒዛር ብቻችንን ቀረን። ሁለት ዓመት ስንጻጻፍ የኖርን ሰዎች አፋችንን ምን እንደምናደርገው ጠፋን።

«አንድ ሌሊት ነው የዘገየሁት» አልኩት።

«ምን አዘገየሽ?»

«የናዒማን አክስቶች ሳስተናግድ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነብኝ። ማድ ቤት ስስቅ ከሰማኝ ቀን ጀምሮ ፊት ለፊቱ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ ሀኪማ በነሐሴ መጨረሻ ተመለሱ። በፊት ለፊቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ክንዴን ይዘው አብረን ገባን።

ይህ ሁሉ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት አለፈው። ሀጂ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ለለቅሶው ሙሐመድአሚን ውጅግራውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ፋቲሐውም ይቅር፣ ደንቡም ይቅር፣ ቦታው ይመለስ አለ። እትዬ ሀኪማ አመስግነው አልተቀበሉትም። ሀጂ የሰጠው እንደ ሰጠው ይቆይ አሉ።

ስለዚህ ግድግዳው መሐል ሁለቱ ማንጠልጠያዎች ዛሬም ባዶ ናቸው። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ጓንቴን አጥልቄ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ እቀባለሁ። ከዚያ ጓንቴን አወልቅና፣ የቀረውን የተልባ ዘይት በባዶ እጄ እነዚያን ሁለት ማንጠልጠያዎች እቀባቸዋለሁ።